መነሻቸው አንድ ስለ ኾነ የእንግሊዝኛ ቃላት ፍች

የግእዝን ቃል ፍች የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ግሱን ይፈልጋል። መጽሐፍ የሚለው ቃል በመ፥ ጸሓፊ የሚለው በጸ፥ ተጽሕፈ የሚለው በተ ይነሣል፤ ነገር ግን ሦስቱም ጸሐፈ ከሚለው ከአንዱ ግስ የወጡ ዘመዳሞች መኾናቸውን የሰዋስው ደቀ መዝሙር ኹሉ ያውቃል። ስለዚህ በግእዝ ትምህርት የመነሻው ፊደል ብቻ ታይቶ ፍች አይሰጥም።

በእንግሊዝኛ ግን ቃል በመዝገብ ውስጥ የሚፈለገው በመነሻው ፊደል ተራ ነው። ሮበርት ኮድሪ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የትምህርት ቤት መምህር በፈረንጆች ዘመን አቈጣጠር በ1604 ዓመት 2,500 ያኽል አስቸጋሪ ቃላት የተፈቱበት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የእንግሊዝኛ ቃል በእንግሊዝኛ ከተፈታባቸው መዝገበ ቃላት ኹሉ የመዠመሪያው እርሱ ነው። ኮድሪ በመጽሐፉ መግቢያ አንባቢው የፊደሉን ተራ ሳያይ በቃሉ እንዲያጠና ይመክራል፤ ቃሉ በኤ የሚነሣ ቢኾን ከመጽሐፉ መዠመሪያ፥ በቪ የሚነሣ ቢኾን ከመጽሐፉ መጨረሻ አጠገብ እንደሚገኝም ያስረዳል። ዛሬ ለኹሉ ቀላል መስሎ የሚታየው ሥርዐት በዚያን ጊዜ ገና ማስተማር የሚያስፈልገው ነገር ነበር።

ከዚህ ሥርዐት የተነሣ በተማሪዎች ላይ አንድ ስሕተት ይደርሳል። በመዝገቡ ውስጥ ጐን ለጐን ተሰልፈው የሚያያቸው ቃላት በመነሻቸው አንድ ስለ ኾኑ በፍቻቸውም አንድ ይመስሉታል። አንዳንድ ጊዜ ግምቱ ትክክል ይኾናል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ ያሳስተዋል። መምህሩ ይህን ለይቶ ካላሳየው ልጁ በደፈናው መገመትን ይለምዳል።

ነገሩ የፈተና ነገር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ኾነ አንዱን ቃል በሌላው የሚተረጕም ልጅ በየትምህርቱ ይጐዳል። ከዚህም በላይ በገጠር ፊደል የሚያውቅ ሰው ለጎረቤቱ ዐይን ነው። የመድኀኒቱን ጠርሙስ፥ የነዳጁን በርሜል፥ ከጤና ጣቢያ የመጣውን ካርድ ይዘው ወደ ርሱ መጥተው «እስኪ አንብብልን» ይሉታል። እርሱም መነሻውን ብቻ አይቶ ቢተረጕም ጥፋቱ በራሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ባመኑት ሰዎች ላይ ይደርሳል።

መነሻቸው አንድ የኾኑት የእንግሊዝኛ ቃላት በሦስት ወገን ይከፈላሉ። መዠመሪያዎቹ ፍች ያለው ባዕድ መነሻ የተጨመረባቸው ናቸው። ኹለተኞቹ በድምፅ ብቻ የሚቀራረቡ ናቸው። ሦስተኞቹ ለዐይን እንጂ ለዦሮ የማይታወቅ ፊደል በመነሻቸው የያዙ ናቸው። ከነዚህ ውጭ ያሉት ደግሞ ያለ ምክንያት በአጋጣሚ የተገናኙ ናቸው።

1ኛ። ባዕድ መነሻ ስላላቸው ቃላት

በዐማርኛ መዝጊያ፥ መጥረጊያ፥ መቀመጫ በሚሉት ቃላት የሚገኘው መ ባዕድ መነሻ ነው። ዘጋ፥ ጠረገ፥ ተቀመጠ በሚሉት ግሶች ላይ ተጨምሮ የመሣሪያን ወይም የስፍራን ስም ያወጣል። መሬት በሚለው ቃል የሚገኘው መ ግን የቃሉ የገዛ ፊደል ነው እንጂ ባዕድ አይደለም፤ ከመሬት ላይ መን የሚነሣ ሰው ፍች ያለው ቃል አይቀርለትም። የእንግሊዝኛውም ነገር እንደዚሁ ነው።

ዩ እና ኤን የሚባሉት ኹለቱ ፊደላት «አን» ተብለው ሲነበቡ ብዙ ጊዜ የተቃራኒ ምልክት ይኾናሉ። ሃፒ ደስተኛ ማለት ነው፤ አንሃፒ ደስታ የሌለው ነው። ኖውን የታወቀ ነው፤ አንኖውን ያልታወቀ ነው። ካይንድ ደግ ነው፤ አንካይንድ ደግነት የሌለው ነው። ይህ መነሻ በግእዝ አማኒ ከሚለው ቃል ኢአማኒ የሚለውን እንደሚያወጣው እንደ ኢ፥ በዐማርኛም ያልታወቀ በሚለው ቃል ላይ እንደሚገኘው እንደ ያል ያለ ነው። ነገር ግን አንክል አጎት ማለት ነው፤ አንደር በታች ማለት ነው። በነዚህ ቃላት መነሻ የሚገኙት ዩ እና ኤን የቃሉ የገዛ ፊደሎች ስለ ኾኑ አንዳች ተቃራኒ አያመለክቱም።

ዩ እና ኤን ከአይ ጋራ ተባብረው «ዩኒ» ሲባሉ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ መነሻ አንድ ማለት ከኾነው ከላቲኑ ዩኑስ የመጣ ነው። ዩኒቲ አንድነት ነው፤ ተማሪዎች የሚለብሱት ዩኒፎርምም በመልክና በስፌት አንድ ዓይነት ስለ ኾነ በዚህ ስም ተጠራ።

ለክፍል ከሚመቹት ምሳሌዎች ኹሉ የሚበልጠው ዩናይትና አንታይ የሚሉት ኹለት ቃላት ናቸው። ዩናይት በዩ፥ በኤን፥ በአይ፥ በቲ፥ በኢ ይጻፋል፤ አንድ ማድረግ ማለት ነው። አንታይ በዩ፥ በኤን፥ በቲ፥ በአይ፥ በኢ ይጻፋል፤ የታሰረውን መፍታት ማለት ነው። አምስቱ ፊደላት ያው ናቸው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ብቻ ቦታ ተለዋወጡ። መዠመሪያው የላቲኑን ዩኑስን ይዞ ያስተባብራል፤ ኹለተኛው ግን ታይ በሚለው ቃል ላይ፥ ይኸውም ማሰር በሚለው ላይ፥ የተቃራኒውን ምልክት ጨምሮ ያለያያል። በኹለት ፊደል መዘዋወር ምክንያት ማሰር መፍታት ኾኖ ተነበበ ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ በችኰላ የሚያነብ ልጅ እነዚህን ኹለቱን መለየት አይችልም።

አር እና ኢ «ሪ» ተብለው ሲነበቡ እንደገና ወይም ወደ ኋላ ማለት ይኾናሉ። ራይት መጻፍ ነው፤ ሪራይት እንደገና መጻፍ ነው። ቢልድ መሥራት ነው፤ ሪቢልድ የፈረሰውን መልሶ መሥራት ነው። ሬድ ቀይና ሬዲ ዝግጁ ግን ከዚህ ወገን አይቈጠሩም።

«ቴሌ» የሚለው መነሻ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲኾን ሩቅ ማለት ነው። ቴሌግራፍ ከሩቅ የሚላክ ጽሕፈት ነው፤ ቴሌፎን ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ነው። «ባይ» የሚለው የላቲን መነሻ ኹለት ማለት ሲኾን ቢ እና አይ በሚባሉት ፊደላት ይጻፋል፤ ባይሲክል ባለ ኹለት መንኰራኵር ነው። ነገር ግን ባይብል የሚለው የመጽሐፍ ቅዱስ ስም በነዚያው ፊደላት ቢነሣም ከኹለት ቍጥር ጋራ አንዳች ዝምድና የለውም፤ መጻሕፍት ማለት ከኾነው ከግሪኩ ቃል የወጣ ነው። ብሉይና ሐዲስ ኹለት ስለ ኾኑ ባይብል ተባለ የሚል ልጅ ቢገኝ ብልህነቱን አመስግኖ ስሕተቱን ማረም ይገባል።

ኤም፥ አይ እና ኤስ «ሚስ» ተብለው ክፉ አደራረግን ወይም ስሕተትን ያመለክታሉ። ስፔል የቃልን ፊደላት በየተራቸው መጻፍ ነው፤ ሚስስፔል አሳስቶ መጻፍ ነው። ሚሽን የሚለው ቃል ግን በነዚያው በሦስቱ ፊደላት ቢነሣም ተልእኮ ማለት ነው፤ መላክ ከሚለው ከላቲን ግስ ስለ ወጣ ከስሕተት ጋራ አይገናኝም። ሚሲዮናዊም የተላከ ሰው ነው እንጂ የተሳሳተ ሰው አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት በተለይ ለጤናና ለሕይወት የሚያስፈልጉ ናቸው።

«አንቲ» ተብሎ የሚሰማው መነሻ በጽሕፈት ኹለት ነው። በኤ፥ በኤን፥ በቲ፥ በኢ የሚጻፈው የላቲን ነው፤ በፊት ማለት ነው። በኤ፥ በኤን፥ በቲ፥ በአይ የሚጻፈው የግሪክ ነው፤ ተቃዋሚ ማለት ነው። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር ሴት በሚሰጠው ካርድ ላይ አንቲናታል የሚል ቃል ቢገኝ በኢ የተጻፈ ነውና ከመውለድ በፊት የሚደረግ ክትትል ማለት ነው። በመድኀኒት ጠርሙስ ላይ የሚገኘው አንቲሴፕቲክ ግን በአይ የተጻፈ ነው፤ ቍስልን የሚያመረቅዝ ነገርን የሚቃወም ማለት ነው። በዦሮ አንድ የኾኑትን የሚለያያቸው አራተኛው ፊደል ብቻ ነው። በዐማርኛ የመዠመሪያው ቅድመ፥ ኹለተኛው ፀረ ይባላል፤ ቅድመ ወሊድ እና ፀረ ተባይ እንደሚባለው ነው። ቅድመን ፀረ አድርጎ የሚያነብ ሰው ለእናቲቱ የተሰጠውን የክትትል ካርድ ወሊድን የሚከለክል አድርጎ ሊያስደነግጣት ይችላል። አንት የሚለው አጭር ቃል ግን ጉንዳን ማለት ነው፤ ከኹለቱም ጋራ አይዛመድም።

ከዚህም የሚብስ አለ። በኤች፥ በዋይ፥ በፒ የሚነሡ ኹለት የግሪክ መነሻዎች አሉ። ከፒ በኋላ ኢ እና አር ቢከተሉ «ሃይፐር» ይባላል፤ ከልክ በላይ ማለት ነው። ከፒ በኋላ ኦ ቢከተል «ሃይፖ» ይባላል፤ ከልክ በታች ማለት ነው። ሃይፐርቴንሽን የደም ግፊት ከልክ በላይ መኾኑ ነው፤ ሃይፖቴንሽን ደግሞ የደም ግፊት ከልክ በታች መኾኑ ነው። የመዠመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አንድ ሲኾኑ ፍቻቸው እንደ ሰማይና እንደ ምድር ይራራቃል። ግፊቱ ከፍ ላለበት ሰው የሚሰጠው መድኀኒት ግፊቱ ዝቅ ላለበት ሰው ቢሰጥ ጕዳት ያመጣል። ስለዚህ ይህን የመሰለ ወረቀት እንዲያነብ የተጠየቀ ሰው ከፒ በኋላ ያለውን ፊደል ሳያይ አንዳች ቃል መናገር አይገባውም፤ ከተጠራጠረም ወረቀቱን ለጤና ባለሙያ እንዲያሳዩ መንገር ይሻላል።

አይ እና ኤን የሚጻፉበት «ኢን» የሚባለው መነሻ ደግሞ ኹለት ፍች አለው። አንዱ ተቃራኒ ነው፤ ቪዚብል የሚታይ ነው፥ ኢንቪዚብል የማይታይ ነው። ኹለተኛው ውስጥ ወይም ወደ ውስጥ ነው፤ ኢንሳይድ በውስጥ፥ ኢንካም ገቢ ማለት ነው። ተቃራኒው ኢን በሚቀጥለው ፊደል ምክንያት መልኩን ይለውጣል፤ በፒ ፊት ኢም ይኾናል፥ ኢምፖሲብል የማይቻል እንደሚባለው ነው፤ በኤል ፊት ኢል ይኾናል፥ ኢሊጋል ሕጋዊ ያልኾነ እንደሚባለው ነው። ይህም በግእዝ ይትጠመቅ ሊባል የሚገባው ይጠመቅ ተብሎ ጠ ፊተኛውን ት ውጦ እንደሚጠብቅ ያለ ነገር ነው፤ ሰዋስው ለተማሩ ሽማግሎች እንግዳ አይኾንባቸውም።

በዚህ በኹለት ፍች ምክንያት ኢንፍላመብል የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ፍሌም ነበልባል ነው። ኢንን ተቃራኒ ያደረገ አንባቢ ቃሉን የማይነድ ብሎ ይተረጕመዋል። እውነተኛው ፍች ግን በቶሎ የሚነድ ማለት ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ያለው ኢን ወደ ውስጥ የሚለው ነውና ነበልባል ከሚገባበት ነገር ጋራ ይሄዳል። በቤንዚን በርሜል ላይ የተጻፈውን ይህን ቃል ገልብጦ ተረድቶ በአጠገቡ ክብሪት የሚጭር ሰው ምን እንደሚያገኘው መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የእንግሊዝ አገር የደረጃዎች ድርጅት በፈረንጆች ዘመን አቈጣጠር በ1959 ዓመት ጥርጥር እንዳይኖር ፍላመብል የሚለው አጭሩ ቃል እንዲጻፍ፥ ለማይነደውም ኖንፍላመብል እንዲባል መከረ። ዛሬም በብዙ ዕቃ ላይ ፍላመብል ከሚለው ቃል ጋራ ዳሩ ቀይ በኾነ፥ በማዕዘኑ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ የነበልባል ሥዕል ይደረጋል። ኢንፍላመብልና ፍላመብል ኹለቱም የሚነድ ማለት መኾናቸውን መምህሩ ደጋግሞ ማስጠናት አለበት።

2ኛ። በድምፅ ስለሚቀራረቡ ቃላት

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሜትሪ መምህር የነበረው ጆን ዋሊስ በ1653 ዓመት ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው በላቲን ቋንቋ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚነሡ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት በፍቻቸውም እንደሚቀራረቡ አስተውሎ በየወገናቸው ሰበሰባቸው። ከኹለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጆን ሩፐርት ፈርዝ የተባለ የቋንቋ ሊቅ በ1930 ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ለዚህ ነገር ድምፅና መሰማት ከሚሉ ከግሪክ ቃላት የተገጠመ ስም አወጣለት።

በጂ እና በኤል የሚነሡ ብዙ ቃላት ብርሃንን ይናገራሉ። ግሊም ብልጭ ማለት፥ ግሊተር መብለጭለጭ፥ ግሎው እንደ ፍም መቅላት፥ ግሌር ዐይንን የሚወጋ ብርሃን ነው። ግላድ ዛሬ ደስ ያለው ማለት ቢኾንም በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሚያበራ ማለት ነበረ፤ በዐማርኛም ደስ ያለውን ሰው ፊቱ በራ እንደሚሉት ነው። በኤስ እና በኤን የሚነሡት ደግሞ ብዙዎቹ የአፍንጫ ነገር ናቸው። ስኒዝ ማነጠስ፥ ስኖር ማንኮራፋት፥ ስኒፍ ማሽተት፥ ስናውት የእንስሳ አፍንጫ ነው።

በደብልዩ እና በአር የሚነሡት መጠምዘዝን ይናገራሉ፤ ደብልዩው ግን ይጻፋል እንጂ አይነበብም። ሪንግ የታጠበ ልብስን ጠምዝዞ መጭመቅ ነው፤ ሪስት እጅ የሚዞርበት አንጓ ነው፤ ሪንክል የቆዳ መጨማደድ ነው፤ ረስል ተያይዞ መታገል ነው። ሮንግ ዛሬ ስሕተት ወይም በደል ማለት ነው፤ ጥንተ ነገሩ ግን ጠማማ ማለት ነበረ። ተቃራኒው ራይት፥ ይኸውም በአር ብቻ የሚነሣው፥ ትክክል ማለት ሲኾን ጥንተ ፍቹ ቀጥ ያለ ማለት ነው። በዐማርኛም ክፉውን ሰው ጠማማ፥ ደጉን ሰው ቅን ይሉታል፤ በግእዝም ርቱዕ የሚለው ቃል ለቀጥተኛ ነገርም ለቀና ሃይማኖትም ይነገራል። ሩቅ ለሩቅ የኾኑ ሕዝቦች መንገድን አይተው ጠባይን በመንገድ መስለው እንደ ተናገሩ ከዚህ ይታወቃል።

ነገር ግን ይህ ኹሉ ምልክት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ግላቭ ጓንት ነው፥ ግሉ ሙጫ ነው፤ በኹለቱም ውስጥ ብርሃን የለም። ስኔክ እባብ ነው፥ ስኔል ቀንድ አውጣ ነው፤ የአፍንጫ ነገር አይደሉም። በደብልዩ የሚነሣው ራይት፥ መጻፍ ማለት፥ ጥንተ ነገሩ መጫርና መቅረጽ ነው እንጂ መጠምዘዝ አይደለም። ስለዚህ የድምፅ ዝምድና ቃልን በቃል ለማጥናት ይረዳል፤ ተማሪው ስኒዝን ያወቀ እንደ ኾነ ስኖርን በቶሎ ይይዛል። ያላወቀውን ቃል ለመፍታት ግን ብቻውን አይበቃም።

3ኛ። ስለማይነበብ መነሻ

በኬ እና በኤን በሚነሡ የእንግሊዝኛ ቃላት ኬ አይነበብም። ናይፍ ቢላዋ፥ ኒ ጕልበት፥ ኖው ማወቅ ኹሉም በኬ ይዠምራሉ። በቀድሞ ዘመን እንግሊዞች ኬውን ይናገሩት ነበር፤ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ከአነጋገር ወጥቶ በጽሕፈት ብቻ ቀረ። የጀርመን ሰዎች ግን ጕልበትን ክኒ ብለው እስከ ዛሬ ኬውን ያሰሙታል።

ተማሪው ይህን ሲያይ «የማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በግእዝ ይገኛል። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ለመነ ነው። ዛሬ በአነጋገር ልዩነታቸው ቢጠፋም ጽሕፈት ይለያቸዋል። እንደዚሁም ናይት በኬ ሲጻፍ ባለ ፈረስ ጦረኛ ነው፤ ያለ ኬ ሲጻፍ ሌሊት ነው። ኖት በኬ ሲጻፍ ቋጠሮ ነው፤ ያለ ኬ ሲጻፍ አይደለም ማለት ነው። እንግዲህ የማይነበበው ፊደል ዋጋ የሌለው አይደለም፤ ለዦሮ ዝም ይላል፥ ለዐይን ግን ይናገራል።

4ኛ። ለተማሪዎች ስለሚሰጥበት ሥርዐት

መምህሩ አንድ መነሻ ይመርጥና በሰሌዳው ላይ ሦስት ዐምድ ያሰምራል። በመዠመሪያው ዐምድ ባዕድ መነሻ ያለባቸውን፥ በኹለተኛው በድምፅ የሚቀራረቡትን፥ በሦስተኛው ያለ ምክንያት የተገናኙትን እንዲጽፉ ተማሪዎቹን ያዛል። ባንድ ቀን ከአንድ መነሻ በላይ ማስተማር አይገባም፤ ብዙ መነሻ በአንድ ጊዜ ቢቀርብ አንዱ ከሌላው ጋራ ይደባለቃል።

ተማሪው አዲስ ቃል ባገኘ ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ ይለመድ። መዠመሪያው፥ መነሻው ቢነሣ የሚቀረው ቃል ነውን የሚል ነው። ከአንሃፒ ላይ አን ቢነሣ ሃፒ ይቀራል፤ ከአንክል ላይ ቢነሣ ግን ቃል አይቀርም። ኹለተኛው፥ የተገኘው ፍች ከዐረፍተ ነገሩ ጋራ ይስማማልን የሚል ነው። የመዠመሪያው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ ከኢንፍላመብል ላይ ኢን ሲነሣ ፍላመብል የሚል ቃል ይቀራልና፥ ፍቹን የሚያሳየው ቃሉ የተጻፈበት ዕቃ ቤንዚን መኾኑ ነው። ሦስተኛው፥ መዝገበ ቃላቱ ምን ይላል የሚል ነው። ግምት ሲመሰክር መዝገብ ይፈርዳል።

ይህ ትምህርት ለጽሕፈትም ይጠቅማል። ሚስስፔል በኹለት ኤስ የሚጻፈው አንዱ ኤስ የመነሻው፥ ኹለተኛው የስፔል ስለ ኾነ ነው። የማያስፈልግ ማለት የኾነው አንኔሰሰሪ በኹለት ኤን የሚጻፈውም አንዱ ኤን የመነሻው፥ ኹለተኛው የኔሰሰሪ ስለ ኾነ ነው። ተማሪው መገጣጠሚያውን ካወቀ ፊደሉን በከንቱ አያጠናም።

በየመንደሩ ያሉት የተማሩ ሽማግሎች በዚህ ሥራ ትልቅ ርዳታ ሊሰጡ ይችላሉ። እንግሊዝኛ ባያውቁ እንኳ ሰዋስውን ያውቃሉ። መምህሩ አን ሲል ኢ፥ አንቲ ሲል ቅድመ ወይም ፀረ፥ ሪ ሲል ዳግም፥ ዩኒ ሲል አሐዱ ብለው ቢመልሱ ልጁ የሚማረው ነገር ከሰማይ የወረደ እንግዳ ነገር አለመኾኑን ያያል። አባቶቹ በግእዝ ሲያደርጉት የኖሩትን ግስ ፍለጋ እርሱ በሌላ ቋንቋ እያደረገው መኾኑን ይረዳል፤ የራሱንም ቋንቋ ይበልጥ ያከብራል።

የቃል መነሻ እንደ ቤት ደጅ ነው። በደጁ ይገባል፤ ነገር ግን በደጁ ቆሞ በቤቱ ውስጥ ያለውን ኹሉ ዐወቅሁ የሚል ሰው ይሳሳታል። የሚያነብ ሰው ቃሉን እስከ መጨረሻው ይመልከት፤ ያልተረዳውንም አልተረዳሁትም ለማለት አይፈር። አንብብልን ብለው የመጡት ጎረቤቶቹ ከርሱ የሚፈልጉት ፍጥነቱን ሳይኾን እውነቱን ነው።